የቢላዋ ተራ

በዚያ እሁድ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ወታደሩ ልጄ፣ የሞጣዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ የእሷም ወታደር ልጅ፣ አደኑን የሚመራው አስር አለቃ፣ ከሐረር የመጣ ቀልደኛ ወታደር፣ የማሽላው ባለቤት ገበሬና ግማሽ ጆሮ የሌለው ውሻው። ሌሎች ወታደሮችም ከጥሻው ወዲያ ነበሩ፤ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን በደንብ ስላላየሁ አልቆጠርኳቸውም። ድኩላው የመጣው ሁላችንም ቦታ ቦታችንን ከያዝን በኋላ ነው።

ልጄ ሥልጠናውን ጨርሶ የተመደበበትን ቦታ በስልክ ሲነግረኝ መጀመሪያ አላመንኩም። የጎረቤቶቼ ልጆች ስሙን እንኳ አስተካክዬ ወደማልጠራው ጠረፍ ሲሄዱ፣ ለእኔው ልጅ ከሞጣ በታች፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው አገር ያለች ትንሽ ካምፕ ደረሰችው። ከብቸና ጠዋት የተነሳ መኪና ሞጣ ለምሳ ይደርሳል። አንዷ ጎረቤቴ፣ «አንቺማ ልጅሽን ጓሮሽ ነው ያስቀመጡልሽ፤ እንቅልፍሽን ተኚ» አለችኝ። እተኛለሁ ብዬ ዋሸኋት። ቅርብ ያለ ልጅም ያስጨንቃል። እንዲያውም ሩቅ ያለውን አይደረስበትም ብለው ይተዉታል፤ ቅርብ ያለውን ግን ሄጄ ባላየው ምን ሆኖ ይሆን እያሉ ያስባሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ሲደውል ወሬው አጭር ነበር። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። በላህ? በላሁ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። አደን የጀመሩ ጊዜ ግን ካርዱ እስኪያልቅ የሚያወራ ልጅ ሆነ።

ነገሩን ያመጡት ገበሬዎቹ ናቸው። በዚያ ቆላ ማሽላ ሲያፈራ ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ ከርከሮና ጃርት፣ ማለዳ ደግሞ ድኩላና ሚዳቋ ይገቡበታል። ገበሬዎቹ ሽማግሌ ይዘው ወደ ካምፑ አዛዥ ሄዱና፣ «እነዚህን ጎረምሶች እሁድ እሁድ አውሱን» አሉ። አዛዡ አሰበበትና ፈቀደ፤ ግን አንድም ጥይት ከካምፕ አይወጣም፣ በዱላና በወንጭፍ ብቻ ነው፣ እርሻ ያልገባ አውሬም አይነካም አለ። እርሻ ገብቶ የተያዘ፣ የሚበላም ከሆነ፣ የልጆቹ ነው።

ያ ሲፈቀድ፣ እሁድ እሁድ ካልሲያቸውን አጥበው ድንኳን ውስጥ ተጋድመው የሚውሉት ልጆች አዳኝ ሆኑ። አንድ ቀን፣ «እማ፣ ዛሬ ጅግራ ያዝን» አለኝ።

«በምን?»

«በሩጫ።»

«ጅግራ በሩጫ ይያዛል?»

«ስምንት ሆነን ካባረርናት ይደክማታል። እኛም ይደክመናል፤ ግን እኛ ስምንት ነን።»

ሌላ ጊዜ ሚዳቋ ያዙ። ሌላ ጊዜ ከርከሮ ጣሉ፤ የሚበላው ስለሌለ ማን ይጎትተው እየተባባሉ ሲከራከሩ ግማሽ ቀን አለቀ። አሽከርካሪ ስለመሆን ያልም የነበረው ልጄ አሁን ወሬው ሁሉ ስለ ነፋስ ሆነ፤ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ፣ አውሬ በየት በኩል እንደሚያሸት። ድምፁ ውስጥ ደስታ ስለሰማሁ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝም ተጨነቅኩ።

ሦስት ነገር ደጋግሜ እጠይቀው ነበር። ጥይት ተኩሳችኋል? እባብ አለ? ሦስተኛው ዋናው ነው፤ የያዛችሁት እንስሳ ሳይሞት ነው የምታርዱት ወይስ ከሞተ በኋላ? በወንጭፍ ተመቶ፣ በውሻ ተነክሶ፣ ሮጠው እስኪደርሱበት ነፍሱ የወጣ እንስሳ በክት ነው። ልጄን ከልጅነቱ ጀምሮ ጾሙንም ፍስኩንም አስተምሬ አሳድጌ፣ ወታደር ቤት ገብቶ በክት በላ ቢሉኝ እንዴት አድርጌ እተኛለሁ? እሱ ይስቅብኛል። «እማ፣ አስር አለቃችን ከቄስ ይብሳል። ነፍሱ ካለፈ ለውሻው ነው የሚሰጠው» ይለኛል። እኔ ግን አስር አለቃውን አላውቀውም።

እናም ኅዳር ሲገባ፣ የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ሄጄ በዓይኔ ልይ አልኩ። ከረጢቴን አዘጋጀሁ። ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ ሁለት ካልሲ፣ የቁስል መድኃኒት፣ ክር ከነመርፌው፣ ዳቦ መቁረጫ ቢላዋ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ካምፕ ውስጥ ቢላዋ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቢጠፋስ ብዬ ነው።

ልጄ ለብቻዬ እንዳልወርድ ብሎ ከጓደኛው እናት ጋር አገናኘኝ። ጓደኛው የሞጣ ልጅ ነው፤ ሙስሊም፤ አብረው ሠልጥነው አብረው የተመደቡ። እናቱ ሞጣ ጨርቅ ትሸጣለች። ቅዳሜ ደርሼ ከመኪና እንደወረድኩ አንዲት ቀይ፣ ወፈር ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ የጣለች ሴት ቀጥ ብላ መጣችና፣ «የብቸናዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«በምን አወቅሽኝ?»

«ቆመሽ እቃሽን ስትቆጥሪ አየሁሻ! ልጅሽ፣ እናቴ መናኸሪያ ላይ ከረጢቷን ፈትታ የምትቆጥር ሴት ናት ብሏል። ስንት ሆነልሽ?»

«ልክ ነው፤ አልጎደለም።»

«አልሐምዱሊላህ። በይ ነይ፤ እግርሽ አብጧል።»

ቤቷ አደርኩ። እራት ላይ ሽሮ አቀረበችና፣ «ሥጋዬን አትበዪም፣ ሥጋሽን አልበላም፤ ሽሮ ላይ ግን ማንም አይጣላም» ብላ ሳቀች። ሱቋን እንዴት እንደከፈተች፣ የትኛው ጨርቅ በየትኛው ወር እንደሚሄድ፣ ደንበኛ እንዴት እንደሚያደክም ስታወራ ጆሮዬ ጠገበ። ስለ ልጇ ስታነሳ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ልጄ እዚያ ከገባ ወዲህ ሥጋ የቀመሰው በጣት የሚቆጠር ነው» አለችኝ። «በዚያች ካምፕ ሙስሊሙ እሱ ብቻ ነው። አዛዡ፣ ፍየል ለብቻህ ይገዛልህ ቢለው፣ ለእኔ ብቻ ተብሎ አይገዛም አለ። ኩሩ ነው፤ ባባቱ ወጥቷል። በአደኑ ነው አልፎ አልፎ በእጁ አርዶ የሚበላው። በስልክ ስጠይቀው በላሁ ይለኛል። በላሁን በስልክ ማን ያምናል? ነገ አላህ ካለ ሲበላ በዓይኔ አየዋለሁ። ለሱ ነው ሱቄን የዘጋሁት።»

«ይያዛል፤ አይቀርም» አልኳት።

በዚያ ሰዓት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። አንዱ ያረደውን ሌላው የማይበላ ከሆነ፣ ልጆቹ እንዴት ነው የሚስማሙት? ስለ ገደሉ ጠየቅኳት፣ ስለ እባቡ ጠየቅኳት፣ መኪናው ፍሬኑ ደህና መሆኑን ጠየቅኳት። ይህን ግን አልጠየቅኩም።

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ወደ ቆላ የሚወርድ አይሱዙ አግኝታ ከሹፌሩ አጠገብ ሁለት ቦታ ይዛ ጠበቀችኝ። ሹፌሩ ሲያወርደን፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደርጋለሁ። ሦስተኛውን የምትሰሙት ከሩቅ ነው» አለን። ሌላ መኪና እስከ ማክሰኞ የለም።

ልጆቹ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ልጄ ጠቁሯል፤ ትከሻው ሰፍቷል። የእሷ ልጅ ረጅም ቀጭን ነው፤ የአንገቱ አጥንት በሸሚዙ ክፍት ይታያል። እናቱ ጉንጩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙራ አየችው። ከዚያ ከረጢቷን ሰጠችው።

የሐረሩ ልጅ ገና ከሩቅ ጀመረን። «አቦ፣ እናቶች መጡ! በቃ ዛሬ ድኩላው ራሱ መጥቶ እጁን ይሰጣል!»

አስር አለቃው ፂሙን የተላጨ፣ ሲናገር የማይስቅ፣ ከልጆቹ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። እጅ ነሣንና፣ «እናቶች፣ ማማው ላይ ውጡልኝ። ከታች ከሆናችሁ ልጆቹ እናንተን እያዩ ይሮጣሉ፤ እናንተን እያየ የሚሮጥ ደግሞ ይወድቃል» አለን።

ማማው ገበሬው ተቀምጦ ማሽላውን የሚጠብቅበት በአራት እንጨት ላይ የተሠራ ቆጥ ነው። መሰላሉን በእጄ ነቅንቄ አየሁት። «እዚሁ ብቆምስ?» አልኩ።

ገበሬው፣ «ይውጡ እሜቴ፣ አይፍሩ። እኔም፣ ሚስቴም፣ ዝንጀሮውም ወጥተንበታል» አለኝ።

የሞጣዋ ከላይ እጄን እየጎተተች፣ ገበሬው ከታች እግሬን እያስቀመጠልኝ፣ እኔም ቅዱሳንን እየጠራሁ ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ማሽላው ቀይ ሆኖ ጎንበስ ብሏል። ከእርሻው ወዲያ ጥሻ የሞላው ሸለቆ አለ፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ ይወርዳል። አስር አለቃው ልጆቹን ሲደለድል እንደ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ ነው፤ አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ። ብዙዎቹን ከጥሻው ጀርባ ላካቸው፤ እነሱ ጀሪካን እየደበደቡ፣ ማለዳ ማሽላ በልቶ ጥሻ የተደበቀውን አውሬ ወደ እርሻው አፋፍ ሊነዱ ነው። በእሾህ አጥሩ ክፍተት ላይ የገመድ ወጥመድ ተጠምዷል። ልጄ በወንጭፍ ጎበዝ ስለሆነ ወጥመዱ አጠገብ፣ ከእኛ ማማ ሥር፣ ቁጭ አለ። የሞጣው ልጅ ሯጭ ስለሆነ ያመለጠውን እንዲመልስ ከሸለቆው አፍ ላይ፣ በጣም ርቆ ቆመ።

«ልጅሽን ሩቅ ወሰዱት» አልኳት።

«እግሩን አምነው ነው» አለች፤ ደስ ብሏት።

ከዚያ ጀሪካኑ ተጀመረ። ጩኸቱ፣ ፉጨቱ፣ የሐረሩ ልጅ ዘፈን። ቆቅ ተነሳች፤ ማንም አላያትም። ትንሽ ቆይቶ ውሻው ጮኸ፤ ቀንዱ ጥምዝ የሆነ ትልቅ ድኩላ ከጥሻው ወጥቶ ማሽላውን እየሰበረ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። የሞጣዋ ክንዴን ጨመቀችው። ድኩላው የአጥሩን ክፍተት አይቶ ዘለለ፤ የኋላ እግሩ ገመዱ ውስጥ ገባ፤ ልጄም ተነስቶ ወነጨፈው። ድንጋዩ ጭንቅላቱን ሲመታው ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። ድኩላው ተንገዳግዶ ማማው ሥር ወደቀ።

«ያዝነው! ያዝነው!» ይላል የሐረሩ ልጅ። ልጄ በደረቱ ተኝቶበት ቀንዱን ያዘ። ከዚያ ግን ሁሉም ቆሙ። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም። እኔ የማየው ከላይ የድኩላውን ዓይን ነው፤ ዓይኑ እየተገለበጠ ነው። ሞተ አልኩ። አሁን ሞተ፤ ልጄ በክት ሊበላ ነው፤ ያውም ጾሙ ሊገባ ሲል፤ ያውም እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ከረጢቴን ፈትቼ፣ ቢላዋውን ከጨርቁ አውጥቼ፣ ያንን መሰላል ያለማንም እርዳታ ወርጄ ልጄ አጠገብ ተገኘሁ።

«ያዝ! ቶሎ በል! ነፍሱ ሳትወጣ ባርከው!»

«እማ፣ ቆይ፣ ተራው…»

«ምን ተራ! እየሞተ ነው እኮ!»

«እማ…»

«ባርከው አልኩህ!»

ልጄ ወደ ሸለቆው አፍ አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ድምፅ ስናገረው እንቢ ብሎኝ አያውቅም። ቢላዋውን ተቀበለኝ፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለና አረደው።

ደሙ ሲፈስ እፎይ አልኩ። ቀና ስል የሞጣው ልጅ እያለከለከ ቆሟል። ያንን ሁሉ መንገድ በሩጫ መጥቶ፣ በእጁ የተከፈተች ትንሽ ካራ ይዟል። አስር አለቃው ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«እናቴ» አለኝ አስር አለቃው ቀስ ብሎ፣ «እኛ ዘንድ የቢላዋ ተራ አለ። አንድ እሁድ በእኛ ቢላዋ ይታረዳል፣ አንድ እሁድ በእሱ። በእሱ እሁድ እኛ ሽሮ እንበላለን፤ በእኛ እሁድ እሱ ሽሮ ይበላል። ዛሬ የእሱ ነበር። እሱን ነበር የምንጠብቀው።»

«ድኩላው ሊሞት…»

«አይሞትም ነበር፤ ደንግጦ ነው። ዓይኑን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

የሐረሩ ልጅ መቻል አቃተው። «አቦ፣ የዚህ ልጅ ዕድል! ባለፈው ተራው የመጣው ከርከሮ ነው። ዛሬ ድኩላ ሲመጣለት ደግሞ እናታችን ከሰማይ ወረዱ!»

የምገባበት አጣሁ። ከሁሉም የፈራሁት ቀና ብዬ ማማው ላይ ያለችውን ማየት ነው። ሱቋን ዘግታ፣ ልጇ ሲበላ ልታይ የመጣች ሴት ናት፤ እኔ በገዛ ቢላዋዬ ነጠቅኳት። ወደ ታች ጎንበስ ብላ አየችኝ። ከዚያ ከላይ ሆና፣ «እህቴ» አለችኝ፣ «ይህን መሰላል እኮ ደግፈሽ አውጪኝ ስትዪኝ ነበር። አሁን እኔን ማን ያውርደኝ?»

ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልጄም አልሳቀ። ከጀሪካን ውኃ እያፈሰሰ እጁን ታጠበ፣ ታጠበ፤ ደሙ ለቆም ይታጠባል።

«አልነገርከኝም» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ጊዜ መቼ ሰጠሽኝ?» አለኝ። የሞጣው ልጅ፣ ልጄ ስሙን ጠርቶ የማይጠግበው ጓደኛው ነው፤ ልጄን ትኩሳት ሲይዘው ሁለት ሌሊት በእሱ ፋንታ ዘብ የቆመለት ጓደኛው። ያንን ሁሉ በስልክ ነግሮኛል።

የሞጣው ልጅ ካራውን አጥፎ ኪሱ ከተተና እኔ ፊት መጥቶ ጎንበስ አለ። «አያስቡ እናቴ። የእኔዋ በእርስዎ ቦታ ብትሆን ሰው ሁሉ ገፍትራ ነበር የምትወርደው» አለኝ። ከዚያም የማይበላውን ድኩላ እግሩን ይዞ ቆዳውን ሲገፍፉ አገዛቸው። እሱ ከሚያግዝ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አስር አለቃው ፀሐይዋን አየ፤ ስልኩን አየ። «ገና ስምንት ሰዓት አልሆነም» አለ። «ቆቅ አለች። ተራው ገና አላለቀም።»

ገበሬው ደስ አለው። ከታጨደው ጤፍ ማሳ ላይ ቆቆች አሉ፣ ቆቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሳች በኋላ ክንፏ ይደክማታል፣ ከዚያ በእግሯ ነው የምትሮጠው፣ ከዚያ የሮጠ ይይዛታል ብሎ አስረዳን። ልጆቹ ማሳውን ከበቡት። እኔም ገባሁ። እባብ አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ልጄ፣ «እማ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለኝ። «አልቀመጥም» አልኩት። የሞጣዋም ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። «ጨርቅ ከመሸጥ ይህ ይሻላል» ትላለች።

መጀመሪያ የተነሳችው ቆቅ ሸለቆውን ተሻግራ ሄደች። ሁለተኛዋን አንድ ጊዜ አስነሳናት፤ ሁለት ጊዜ፤ ሦስት ጊዜ። ጫማዬ አንዱ ወለቀ፤ ትቼው ሮጥኩ። የሐረሩ ልጅ፣ «በግራ! በግራ! የእናታችን ክንፍ በኩል!» ይላል። አስር አለቃው ሲስቅ ያን ጊዜ አየሁት። ቆቋ በእውነት ደከማት፤ ገለባው ውስጥ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሮጠችና እኔ ፊት መጣች። ነጠላዬን አውልቄ ጣልኩባት። ያዝኳት! ከነጠላው ሥር ስትፈራገጥ ይታያል። በጉልበቴ ወደቅኩ።

«ተጫኚያት!» ይላሉ ሁሉም። «እማ፣ ተጫኚያት!»

ብጫናትስ? ብጫናት ትሞት ይሆናል። ከሞተች ደግሞ ለማንም አትሆንም፤ ለእነሱም ለእኛም በክት ናት። አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳላጠፋ ብዬ፣ መኖሯን ላይ፣ የነጠላውን ጫፍ ቀስ አድርጌ አነሳሁት።

ቆቋ በጆሮዬ አጠገብ ወጣች። ክንፏ ደክሟል ያለው ማን ነበር?

ሁሉም ራሳቸውን ያዙ። የሐረሩ ልጅ መሬት ላይ ተዘረረ። «እናቴ! ጠላት ተከቦ መጋረጃ ይገለጣል?»

ያን ጊዜ ክላክሱ ተሰማ። ሁለት ጊዜ።

የሞጣዋ ልጇን አቅፋ ቆየች። ጀርባውን በእጇ እየዳበሰች ነው፤ አጥንቱን የምትቆጥር ይመስለኛል። ልጄ ከአጠገባቸው ቆሞ፣ «የሚመጣው እሁድ የእሱ ነው፤ ያ ቢጠፋ የሚቀጥለውም የእሱ ነው። እኛ ጾም ስለምንገባ እስከ ገና ድረስ ቢላዋው የእሱ ብቻ ነው» አላት። አስር አለቃውም፣ «እኔ ምስክር ነኝ፤ ሲበላም ፎቶ አንስቼ እልክልዎታለሁ» አላት። እሷም፣ «አፉ ሲያኝክ የሚታይበት ይሁን» አለች። ጫማዬን ገበሬው አገኘልኝ።

ልጆቹ ለእኔ አንድ የድኩላ ታፋ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። መኪናው ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው፣ ልጥለውም አልችል፣ ልደብቀውም አልችል፣ ከእሷ ጎን ተቀመጥኩ። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ በመስኮቱ ሸለቆውን ታይ ነበር። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ዞር ስል እየሳቀች ነው።

«አነሳሽው እኮ!» አለችኝ። «ነጠላውን! ቀስ አድርገሽ!»

«ትሞት ይሆናል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።» የሳቋን እንባ በሻሿ ጠረገች። ቆይታ፣ «አልዋሽሽም፣ ከፍቶኛል» አለች። «ድኩላው ሲወድቅ በልቤ ወጡን ሠርቼ ጨርሼ ነበር። ግን አንቺም ለልጅሽ ነው የሮጥሽው። ባትሮጪ ነበር የምታዘብሽ። በይ ያንን ሥጋ ለሹፌሩ ስጪው፤ እንደ ሕፃን ታቅፈሽ አትጨነቂ።»

ሹፌሩ ክርስቲያን ነው፤ እስኪ ድገሙልኝ ሳይል ተቀበለኝ።

ቀሪውን በአጭሩ ልጻፈው። ያ የተባለው እሁድ አልደረሰም። ሐሙስ ቀን ልጄ ደውሎ ካምፑ እንዲነሳ መታዘዙን ነገረኝ። ዓርብ ጠዋት በሁለት መኪና ጫኗቸው፤ ልጄ በአንዱ፣ የሞጣው ልጅ በሌላው፤ ከዚያ መኪኖቹ ወደ ተለያየ ቦታ ሄዱ። ልጄ አሁን ያለው እኔ ድሮ ስሙን አስተካክዬ የማልጠራው ጠረፍ ነው፤ አሁን ግን አስተካክዬ እጠራዋለሁ። አደን የለም። ሲደውል ወሬው እንደገና አጥሯል፤ ነገር ግን ስልኩን ሳይዘጋ ሁልጊዜ፣ «የእሱን ወሬ ሰማሽ?» ይለኛል። የሞጣው ልጅ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። የእናቱም እንደዚያው።

ሁለት ጊዜ ሞጣ ሄድኩ። መጀመሪያ ስሄድ ሱቋ ተቆልፎ ነበር። ሁለተኛ ስሄድ ጫማ የሚሸጥ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ጎረቤቶቿ፣ አንዱ ወሎ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች አለኝ፣ ሌላዋ የለም ባሕር ዳር ነው አለችኝ። ስለ ልጇ የሚያውቅ አላገኘሁም። ልጁ ከዚያ በኋላ ተራው ደርሶት ይሁን፣ ደህና ይሁን፣ አላውቅም።

ይህን የምታነቡ የሞጣ ሰዎች፣ ወይም ከእሱ ጋር ያገለገላችሁ ልጆች፣ የጨርቅ ነጋዴዋ ረጅሙ ልጅ የት እንዳለና ደህና መሆኑን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።